ከግድግዳ ባሻገር ያለን ሰው የሚያስሱ መሣሪያዎች በከተማ ውጊያ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በከተማ ውጊያ ለወታደር ከሁሉ የከፋው ቦታ የበር ደፍ ነው። ውስጥ ማን እንዳለ፣ ስንት እንደሆኑ፣ የት እንደቆሙ ሳያውቅ ይገባል። ውስጥ ያለው ግን እንግዳው በየትኛው በር እንደሚመጣበት ያውቃል። ይህን ለመለወጥ ስለተሠሩት መሣሪያዎች ብዙ ይወራል፤ ከሚወራው ውስጥ እውነቱንና ማጋነኑን መለየት ያስፈልጋል። ጉዳዩ የሰው ሕይወት ነውና፣ መሣሪያው የሚችለውን ያህል የማይችለውንም ማወቅ ግድ ይላል።

በእውነት ከግድግዳ ባሻገር ያለን ሰው የሚያገኝ መሣሪያ አለ?

አለ፤ በወታደርና በፖሊስ እጅ ከገባም ቆይቷል። ራዳር ነው፤ በእጅ ለመያዝ ወይም በጀርባ ለመሸከም እንዲመች ያነሰ ራዳር። ነገር ግን የሰውየውን ፊት፣ ልብሱን ወይም በእጁ የያዘውን አያሳይም። የሚናገረው ከግድግዳው ወዲያ የሚንቀሳቀስ ወይም የሚተነፍስ ነገር መኖሩንና ርቀቱን ነው። የተሻሉት አቅጣጫውንና ቁመናውን በግርድፉ ይጨምራሉ።

አሠራሩ እንዴት ነው?

ብርሃንና የሬዲዮ ሞገድ በባሕርይ አንድ ናቸው፤ የሚለያቸው የሞገዳቸው ርዝመት ነው። ብርሃን ግድግዳ ላይ ይቀራል። የሬዲዮ ሞገድ ግን ከፊሉ ያልፋል፤ ቤት ውስጥ ሆነን በስልክ የምንነጋገረው በዚሁ ምክንያት ነው። መሣሪያው ሞገድ ይልካል፣ ሞገዱ ግድግዳውን አልፎ ሰው ላይ ያርፋል፣ ከእርሱ ነጥሮም ይመለሳል። ገደል ማሚቶ እንደማለት ነው፦ ድምፁ ተመልሶ እስኪሰማ የቆየው ጊዜ የገደሉን ርቀት ይነግረናል። የሬዲዮ ሞገድ የሚጓዘው በብርሃን ፍጥነት በመሆኑ ስድስት ሜትር ርቆ ከቆመ ሰው ደርሶ ለመመለስ 40 ናኖ ሰከንድ፣ ማለትም ከሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛው አርባ እጥፍ ያህል ብቻ ይበቃዋል። መሣሪያው ይህን ያህል ያጠረ ጊዜ መለካት መቻል አለበት።

የድግግሞሽ፣ ማለትም ሞገዱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ፣ ምርጫው ከባድ ነው። ዝቅ ያለ ድግግሞሽ ወፍራም ግድግዳን በቀላሉ ያልፋል፤ ከፍ ያለው ደግሞ በትንሽ አንቴና አቅጣጫን ለይቶ ለማወቅ ይመቻል። ስለዚህ አብዛኞቹ መሣሪያዎች ከ1 እስከ 10 ጊጋኸርዝ (በሰከንድ ከ1 እስከ 10 ቢሊዮን ጊዜ) ባለው ክልል ውስጥ ይሠራሉ። ከዚህ በተጨማሪ መሣሪያው የሚጠቀምበት የድግግሞሽ ስፋት፣ ማለትም በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድግግሞሹ መካከል ያለው ልዩነት፣ ወሳኝ ነው። ስፋቱ 1 ጊጋኸርዝ ከሆነ በርቀት 15 ሴንቲ ሜትር የሚለያዩ ሁለት ነገሮችን መለየት ይችላል፤ 2 ጊጋኸርዝ ከሆነ ደግሞ 7.5 ሴንቲ ሜትር የሚለያዩትን።

ዋናው ችግር ግን ግድግዳው ራሱ ነው። የተላከው ሞገድ ብዙው ከግድግዳው ፊት ተመልሶ ይመጣል፤ ያለፈውም ሲሄድ አንድ ጊዜ፣ ሲመለስ ሌላ ጊዜ ይዳከማል። በ2011 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም (ኤምአይቲ) ሊንከን ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካለው የኮንክሪት ግድግዳ ባሻገር የሚንቀሳቀሱ ሰዎችን የሚከታተል ራዳር አሳይተው ነበር። እንደ እነርሱ አገላለጽ፣ ወደ መቀበያው የሚመለሰው ሞገድ ከተላከው 0.0025 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከአርባ ሺህ አንዱ መሆኑ ነው! ያንን ቅንጣት ከግድግዳው ብርቱ ነጸብራቅ ውስጥ ነጥሎ ማውጣት ነው የዚህ ሙያ ዋና ጥበብ።

መፍትሔው እንቅስቃሴ ነው። ግድግዳው፣ አልጋውና ቁም ሣጥኑ የሚመልሱት ሞገድ ከአንዱ ልኬት ወደ ሌላው አይለወጥም፤ መሣሪያው ያልተለወጠውን ሁሉ ቀንሶ የተለወጠውን ብቻ ያስቀራል። የሚራመድ ሰው ወዲያው ይለያል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ደረቱ በእስትንፋሱ ልክ በጥቂት ሚሊ ሜትሮች ከፍና ዝቅ ይላል፤ ጤነኛ አዋቂ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ያህል ይተነፍሳል። ይህንን ምት ለመለየት መሣሪያው በርከት ያሉ ሰከንዶች ጸንቶ መጠበቅ አለበት። ተደብቆ የተቀመጠ ሰው ከሚራመደው ዘግይቶ የሚገኘው ለዚህ ነው።

ወታደሩ በስክሪኑ ላይ ምን ያያል?

እንደ መሣሪያው ዓይነት ይለያያል። ሬንጅ-አር የተባለው አሜሪካ ሠራሽ መሣሪያ በአንድ እጅ ይያዛል፤ ተጠቃሚው ግድግዳው ላይ አስደግፎ ቁልፍ ይጫናል፣ ከዚያ እንቅስቃሴ መኖር አለመኖሩንና ርቀቱን ያነብባል። እስከ 15 ሜትር ይደርሳል፤ ምስል የሚባል ነገር ግን የለውም። ካሜሮ የተባለው የእስራኤል ኩባንያ የሚያመርታቸው የዛቨር መሣሪያዎች ደረጃ በደረጃ ናቸው። ትንሹ ዛቨር 100 በእጅ ይያዛል፤ ተለቅ ያለው ዛቨር 800 በብዙ አንቴናዎች ታግዞ የክፍሉን ውስጥ በሦስት ገጽታ ለማሳየት የተሠራ ነው። በእርሱም ላይ ቢሆን የሚታየው ባለ ቀለም ነጠብጣብና እብጠት ነው፤ ያልሠለጠነ ዓይን ሰውን ከወንበር አይለይበትም።

የሙቀት ካሜራ ይህን ሥራ አይሠራም ወይ?

አይሠራም። የሙቀት ካሜራ የሚያነብበው የግድግዳውን የላይኛውን ገጽ ሙቀት ነው፤ ከኋላው ያለውን ሰው አያይም። ተራ የመስኮት መስታወት እንኳ ያግደዋል። ሰው ከግድግዳ ጀርባ ቀይ ሆኖ የሚታይባቸው የፊልም ትዕይንቶች የፊልም ባለሙያ ሥራ ናቸው።

ሐሳቡ ከየት መጣ?

የሚያስደንቀው የዚህ ቴክኖሎጂ አንዱ ሥር ሰውን ለማዳን የተጀመረ መሆኑ ነው። በ1980ዎቹ በአሜሪካ የጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች በጦር ሜዳ የወደቀ ወታደር በሕይወት መኖሩን ከርቀት የሚለይ ራዳር ሠርተው ነበር፤ የሕክምና ባለሙያው ለሞተ ሰው ሲል ራሱን ለጥይት እንዳያጋልጥ ማለት ነው። ይኸው ቡድን ቆየት ብሎ ከበር ወይም ከግድግዳ ባሻገር የሚተነፍስ ሰውን የሚያገኝ፣ የእጅ ባትሪ የሚመስል ራዳር ለፖሊስ አዘጋጀ።

የጦሩን ፍላጎት ያናረው የከተማ ውጊያ ነው። በጥቅምት 1993 በጎረቤታችን ሞቃዲሾ 18 የአሜሪካ ወታደሮችና በመቶዎች የሚቆጠሩ ሶማሌዎች በአንድ ውጊያ አለቁ። በኅዳር 2004 በኢራቅ ፋሉጃ የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦርና እግረኛ ወታደሮች ቤት ለቤት ተዋጉ፤ ደፍ ሲሻገሩ የሞቱና የቆሰሉም ነበሩ። በ2006 መጀመሪያ የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ድርጅት ዳርፓ ራዳር ስኮፕ የተባለ መሣሪያ ወደ ኢራቅ ለመላክ መዘጋጀቱን ይፋ አደረገ። ክብደቱ ከ700 ግራም ያነሰ፣ በተራ ትናንሽ ባትሪዎች የሚሠራ፣ ዋጋውም 1,000 ዶላር አካባቢ እንዲሆን የታሰበ ነበር። 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ኮንክሪት አልፎ ክፍሉ ውስጥ እስከ 15 ሜትር እንዲደርስ ነበር ውጥኑ። በዚያው ዘመን ዳርፓ ቪዚቢልዲንግ በሚል ስም ሌላ ሰፊ ምርምር ያካሂድ ነበር፤ ዓላማውም የአንድን ሕንፃ ውስጣዊ አሠራር፣ ክፍሎቹንና ኮሪደሮቹን ከውጭ ሆኖ መንደፍ ነው። ይህ ከመጀመሪያው በብዙ የከበደ ሥራ ነው፤ ሞገዱ ግድግዳ ባለፈ ቁጥር ይዳከማል፣ ይጠመዘዛል፣ እርስ በርሱም ይምታታል።

የትኛው ግድግዳ ያሳልፋል? የትኛውስ ያግዳል?

ደረቅ እንጨት፣ ጂፕሰም፣ ጡብና ደረቅ ብሎኬት ያሳልፋሉ። ኮንክሪትም ያሳልፋል፤ እንደ ውፍረቱና እንደ ድርቀቱ ነው። የሬዲዮ ሞገድ ጠላቱ ውኃ ነው። ገና ያልደረቀ ኮንክሪት ወይም ዝናብ የጠጣ ግድግዳ ሞገዱን ይውጠዋል። በአርማታ ውስጥ ያለው ፌሮ ደግሞ እንደ ወንፊት ነው የሚሠራው፤ ፌሮዎቹ በጣም ከተቀራረቡና የሞገዱ ርዝመት ከክፍተታቸው ከበለጠ ብዙውን ይመልሰዋል።

ብረት ፈጽሞ አያሳልፍም፤ መቅጠኑም ለውጥ አያመጣም። በብረት ሉህ የተሸፈነ ግድግዳ፣ የዕቃ ማጓጓዣ ኮንቴይነር፣ እንዲሁም በከተሞቻችን ዳር የሚታየው ግድግዳው ቆርቆሮ የሆነ ቤት ለዚህ መሣሪያ ዝግ ነው። የጭቃ ቤት በበጋ ሲደርቅ ያሳልፋል፤ ክረምት ገብቶ ግድግዳው ሲርስ ግን ያው ቤት በጣም ሊከብድ ይችላል። መሣሪያውን አምራቾቹ የሚፈትኑባቸው ግድግዳዎች በአብዛኛው የራሳቸውን አገር ግድግዳ የሚመስሉ ናቸው፤ ጦርነቱ ያለው ግን ሌላ አገር ነው። ይህ ነጥብ ከሚገባው ያነሰ ትኩረት ነው ያገኘው።

ይሳሳታል?

ይሳሳታል፤ በሁለቱም በኩል። የሚሽከረከር ማራገቢያ፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው መጋረጃ፣ ውሻ፣ ሁሉም እንቅስቃሴ ናቸው። ሞገዱ በክፍሉ ግድግዳዎች መካከል ሲመላለስ አንድ ሰው በሁለት ቦታ ያለ መስሎ ሊታይ ይችላል። ተጠጋግተው የተቀመጡ እናትና ልጅ አንድ ነጥብ ሊሆኑ ይችላሉ። የያዘው ወታደር እጅ ቢንቀጠቀጥ፣ መሣሪያው በራሱ መንቀሳቀስና በሰውየው እንቅስቃሴ መካከል መለየት ይቸግረዋል፤ ግድግዳ ላይ አስደግፎ ጸጥ ብሎ መያዝ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። ጥይት እየዘነበ ጸጥ ብሎ መያዝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ስሕተት ግን «ሰው የለም» የሚለው መልስ ነው። ከፍሪጅ ጀርባ፣ ከብረት ቁም ሣጥን ጀርባ ወይም ከሁለተኛው ግድግዳ ወዲያ ያለ ሰው ላይገኝ ይችላል። በዚህ መልስ የተማመነ ወታደር ተዘናግቶ ይገባል፤ ወይም ባዶ ነው ብሎ ባመነው ቤት ላይ ከባድ መሣሪያ ይተኮሳል። ባዶነትን ያረጋግጣል ተብሎ የተሰጠ መሣሪያ ያንን ማረጋገጥ አይችልም።

ተዋጊን ከሰላማዊ ሰው ይለያል?

አይለይም። የዚህ ገጽ ዋና መልስ ይህ ነው።

ራዳር እስትንፋስ ያገኛል፤ የተዋጊ እስትንፋስና የአያት እስትንፋስ ግን አንድ ናቸው። ስድስት ነጥቦች አንድ ክፍል ውስጥ ቢታዩ ስድስት ታጣቂዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ምድር ቤት የተሸሸገ ቤተሰብም ሊሆን ይችላል። በከተማ ውጊያ ደግሞ ሁለተኛው በጣም የተለመደ ነው፤ ሰው መሸሽ ሲያቅተው የሚያደርገው ወደ ውስጠኛው ክፍል ገብቶ መሰብሰብ ነውና። ተዋጊዎች ሰላማዊ ሰዎችን በግድ አብረዋቸው የሚያቆዩበት ጊዜም አለ።

ሞሱልን እንመልከት። መጋቢት 17 ቀን 2017 በምዕራብ ሞሱል አል-ጀዲዳ ሰፈር አንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ የነበሩ ሁለት አልሞ ተኳሾችን ለመግደል የአሜሪካ አውሮፕላን አንድ ቦምብ ጣለ። ሕንፃው ተደረመሰ። የአሜሪካ ጦር ራሱ ባደረገው ምርመራ ቢያንስ 105 ሰላማዊ ሰዎች መሞታቸውን አመነ፤ እነዚህ ሰዎች ሕንፃው ውስጥ መጠለላቸውን ጥቃቱን ያዘዙት አላወቁም ነበር። የሕንፃው ያን ያህል መውደም የአይሲስ ታጣቂዎች ውስጡ ካከማቹት ፈንጂ የተነሣ ነው ሲልም ምርመራው አስታውቋል። ሕንፃው ውስጥ ብዙ ሰው እንዳለ የሚናገር ማንኛውም ምልክት ያን ቀን ትልቅ ዋጋ ነበረው። እዚህ ላይ የግድግዳ ራዳር ሊጠቅም የሚችልበትን መንገድ አያለሁ፦ ለመግደል ሳይሆን ለመቆም። ችግሩ በእጅ የሚያዘው መሣሪያ ግድግዳው አጠገብ መድረስ ይፈልጋል፤ ከአውሮፕላን የሚተኮስ ጦር ደግሞ ግድግዳው አጠገብ አይደርስም።

ሕጉ ግልጽ ነው። የ1977ቱ የጄኔቫ ስምምነቶች ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንድ በአንቀጽ 48 ተዋጊና ሰላማዊ ሰው እንዲለዩ ያዝዛል፤ በአንቀጽ 50 ደግሞ የአንድ ሰው ማንነት ሲያጠራጥር እንደ ሰላማዊ ሰው ይቆጠራል ይላል። ኢትዮጵያ የፕሮቶኮሉ አባል ናት፤ የእነዚህ መሣሪያዎች ዋነኛ አምራቾች የሆኑት አሜሪካና እስራኤል ግን አላጸደቁትም። በስክሪን ላይ ያለ ነጥብ ሁልጊዜ የሚያጠራጥር ሰው ነው። ስለዚህ በነጥብ ላይ ብቻ ተመሥርቶ በግድግዳ ላይ መተኮስ ከዚህ ደንብ ጋር ሊታረቅ አይችልም ብዬ አምናለሁ፤ መሣሪያው የቱንም ያህል ቢራቀቅ።

በቤተ ሙከራ ማንነትን የሚለይ ራዳር ተሠርቷል ይባላል። እውነት ነው?

እውነት ነው፤ ግን ምን እንደሆነ በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል። በኤምአይቲ በፕሮፌሰር ዲና ካታቢ የሚመራው ቡድን በ2013 በዋይፋይ ሞገድ ከግድግዳ ወዲያ እንቅስቃሴን የሚለይ ዋይ-ቪ የተባለ ሥራ አቀረበ። በ2018 ደግሞ አርኤፍ-ፖዝ በተባለው ሥራ የሰውየውን እጅና እግር በመስመር የሚያሳይ ሥርዓት አሳየ። ይኸው ሥርዓት ከ100 ሰዎች መካከል አንዱን በአካሄዱ 83 በመቶ በሚሆን ትክክለኛነት ለየ። ነገር ግን ለመለየት አስቀድሞ የእነዚያን ሰዎች አካሄድ መማር ነበረበት። ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን ሰው ማን እንደሆነ ሊነግር አይችልም፤ መሣሪያ መታጠቁንም እንደዚያው። ቡድኑ ሥራውን በዋናነት ያሰበው ለሕመምተኞችና ለአረጋውያን ክትትል ነው።

ፖሊስ ያለ ፈቃድ የሰው ቤት ውስጥ በዚህ ማየት ይችላል?

ክርክሩ በደንብ የተካሄደው በአሜሪካ ነው። በ2001 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ካይሎ በተባለው መዝገብ፣ ለሕዝብ ባልተስፋፋ ቴክኖሎጂ የቤትን ውስጥ ለማወቅ መሞከር ብርበራ ነው፣ የፍርድ ቤት ማዘዣም ያስፈልገዋል ሲል 5 ለ 4 ወሰነ። ጉዳዩ የሙቀት ካሜራ ነበር፤ ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ አንቶኒን ስካሊያ ግን በግርጌ ማስታወሻቸው በወቅቱ እየተሠሩ የነበሩትን የግድግዳ ራዳሮች ጭምር ጠቅሰዋል።

ከዚያ በኋላም መሣሪያው ወደ ፖሊስ እጅ ገባ። በታኅሣሥ 2014 አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ በካንሳስ ግዛት ፖሊሶች ተፈላጊ ሰው ለመያዝ ሲሄዱ ራዳር መጠቀማቸውን አነሣ። ያን ጊዜ የይግባኝ ዳኛ የነበሩት ኒል ጎርሰች መግባቱ በሌሎች ማስረጃዎች የተደገፈ ነው ብለው አጸደቁት፤ መሣሪያውን ያለ ማዘዣ መጠቀም ግን ከባድ የሕገ መንግሥት ጥያቄ እንደሚያስነሣ አስጠነቀቁ። በሚቀጥለው ወር ቢያንስ 50 የሚሆኑ የአሜሪካ የሕግ አስከባሪ ተቋማት እንዲህ ያለ ራዳር እንዳላቸው በጋዜጣ ወጣ። ብዙ አሜሪካዊ ስለ መሣሪያው የሰማው ያኔ ነው። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የመኖሪያ ቤትን ከብርበራ ይጠብቃል፤ ማንም በር ሳይከፍት የሚደረግ ብርበራ ብርበራነቱ አይቀርም።

ግለሰብ ሊገዛው ይችላል?

በአሜሪካ አይችልም። የአገሪቱ የኮሙዩኒኬሽን ኮሚሽን በየካቲት 2002 ባወጣው ደንብ ሰፊ ድግግሞሽ የሚጠቀሙ የግድግዳ ራዳሮችን ለሕግ አስከባሪና ለእሳት አደጋ ወይም ለነፍስ አድን ተቋማት ብቻ ፈቅዷል።

ለጤና ጎጂ ነው?

የሚለቀው ኃይል ከተንቀሳቃሽ ስልክ ያነሰ ነው፤ እንደ ኤክስሬይ ያለ ጨረርም አይደለም።

ከጦርነት ውጭ ምን ጥቅም ሰጥቷል?

እስከ ዛሬ ካነበብኩት ሁሉ የሚበልጠው የኔፓል ነው። በሚያዝያ 2015 ኔፓልን 7.8 በሆነ ልክ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታት፣ የናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ከአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ጋር የሠራው ፋይንደር የተባለ ራዳር ወደዚያ ተላከ። ቻውታራ በተባለች ከተማ በሁለት የተደረመሱ ሕንፃዎች ፍርስራሽ ሥር የልብ ምት አገኘ፤ ሦስት ሜትር ያህል ፍርስራሽ ከላያቸው የነበረባቸው አራት ሰዎችም በሕይወት ወጡ። መርሑ ከውጊያው መሣሪያ ጋር አንድ ነው። ልዩነቱ እዚህ የሰውየውን ማንነት ማወቅ አያስፈልግም፤ መኖሩ ይበቃል። መሣሪያው የሚሰጠው መልስና ሥራው የሚፈልገው መልስ በትክክል የሚገጥሙት በነፍስ አድን ሥራ ነው።

አዲስ መሣሪያ ተሠራ የሚል ዜና ሳነብ ምን ልመርምር?

መጀመሪያ ግድግዳውን ይመልከቱ፦ ከምን ተሠራ፣ ምን ያህል ይወፍራል፣ ደረቅ ነበር ወይስ እርጥብ? ከዚያ ሰውየውን፦ ይራመድ ነበር ወይስ ተቀምጦ? የሚራመድን ሰው ብቻ ያገኘ መሣሪያ የሚደበቅን ሰው ያገኛል ማለት አይደለም። ፈተናው የተካሄደው ስንት ሰው እንዳለ አስቀድሞ በሚያውቅ ሰው ከሆነ ውጤቱን በጥርጣሬ ይዩት። ባዶ ቤት ላይ ተፈትኖ ስንት ጊዜ «ሰው አለ» እንዳለ፣ ሰው ባለበት ቤት ደግሞ ስንት ጊዜ «የለም» እንዳለ ተጽፎ እንደሆነ ይፈልጉ። ሁለተኛው ቁጥር በማስታወቂያ ላይ እምብዛም አይገኝም፤ ከሁሉ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ግን እርሱ ነው።